የአንግሊካን አጥቢያ ዓመቱን እንዴት ያሳልፋል? ጸሎቱ፣ በዓላቱና ጉርብትናው

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ሳራ ሙላሊ 106ኛዋ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ፣ ማለትም የእንግሊዝ (አንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን ዋና ጳጳስ ሆነው ተሰየሙ። ለዚህ መንበር የተሰየሙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ቅስና ከመቀበላቸው በፊት ነርስ ነበሩ፤ የእንግሊዝ ነርሶች ዋና ኃላፊ እስከ መሆንም ደርሰው ነበር። ዜናው ሲወራ የቆዩ ጥያቄዎችም አብረው ተነሱ። አንግሊካን ካቶሊክ ነው ወይስ ፕሮቴስታንት? መሪው ንጉሡ ነው ወይስ ሊቀ ጳጳሱ? አንድ ንጉሥ ሚስቱን ለመፍታት ብሎ ያቋቋመው አይደለም እንዴ?

ሁሉም መልስ አላቸው። ነገር ግን ይህችን ቤተ ክርስቲያን በጳጳሳት ዜና ብቻ የሚያውቅ ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል። አንግሊካኖችን ለማወቅ አንድ ተራ አጥቢያ ውስጥ ገብቶ ማየት ይሻላል። እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ምን ብሎ ይጸልያል? በዓመቱ ውስጥ ምን ያከብራል? ከጸሎት በኋላስ ማን ለማን ምን ያደርጋል? ይህን ያየ ሰው ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ይገባዋል።

አንግሊካኖች እነማን ናቸው?

ክርስትና በእንግሊዝ የቆየ ነው። ከሮም የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ597 ኬንት ደርሶ የመጀመሪያው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለ900 ዓመታት ያህል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ጋር አንድ ነበረች። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከካትሪን ጋር ያለው ጋብቻ እንዲፈርስለት ሲጠይቅ ሮም እምቢ አለች። ነገሩ እየተካረረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1534 ፓርላማው ንጉሡን የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ አደረገው። ስለዚህ የትዳሩ ታሪክ እውነት ነው።

እውነት ቢሆንም ግን ሙሉ አይደለም። ሄንሪ እስኪሞት ድረስ ቅዳሴው በላቲን ነበር። አምልኮው የተለወጠው በልጁ በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን ነው። ቀጥላ የነገሠችው ሜሪ አገሩን ወደ ሮም መለሰችው። ከእርሷ በኋላ የመጣችው ኤልሳቤጥ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1559 መሃል መንገድ ያዘች። ጳጳሳት፣ ቀሳውስትና ዲያቆናት እንደ ጥንቱ ቀሩ። ጸሎቱ ግን በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ሕዝቡ ኅብስቱንም ወይኑንም መቀበል ጀመረ፤ ቄሶችም ማግባት ቻሉ። «ካቶሊክ ናችሁ ወይስ ፕሮቴስታንት?» ሲባሉ ብዙ አንግሊካኖች «ሁለቱም» ብለው የሚመልሱት ለዚህ ነው።

ዛሬ የአንግሊካን ኅብረት ራሳቸውን የቻሉ 42 አብያተ ክርስቲያናትን ያቀፈ ነው። ከ160 በላይ በሆኑ አገሮች ወደ 85 ሚሊዮን ምዕመናን አሉት። ብዙዎቹ አፍሪካ ውስጥ ናቸው፤ ናይጄሪያና ኡጋንዳ ከትልልቆቹ መካከል ይቆጠራሉ። ጋምቤላም የራሷ ሀገረ ስብከት አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተቋቋመችው የአሌክሳንድሪያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሥር ናት።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚያዝ አንድ ሰው የለም። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ በወንድምና እህት መካከል እንዳለ የበኩር ልጅ ነው። ሁሉን ይሰበስባል፣ ቀድሞ ይናገራል፣ ይከበራል። ትዳር ይዘው በወጡት ታናናሾቹ ቤት ገብቶ ግን አያዝም። ንጉሥ ቻርልስ 3ኛም «የበላይ ገዥ» የሚል ማዕረግ ያላቸው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። በኬንያ ወይም በናይጄሪያ አንግሊካኖች ላይ ሥልጣን የላቸውም። በእንግሊዝም ቢሆን አይቀድሱም፣ አያቆርቡም።

ታዲያ አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

በአንድ ሰው ካልተያዙ፣ በልማድና በባህልም ከተለያዩ፣ የሚያስተሳስራቸው ምንድን ነው? በአብዛኛው አብረው የሚጸልዩት ጸሎት ነው።

ቶማስ ክራንመር የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሳለ አንድ የጸሎት መጽሐፍ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በጁን 9 ቀን 1549፣ በጰራቅሊጦስ ዕለት፣ በመላው እንግሊዝ ሥራ ላይ እንዲውል ታዘዘ። በእንግሊዝኛ የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል። ከዚያ በፊት ቀሳውስት ለየአገልግሎቱ የተለያዩ የላቲን መጻሕፍት ይጠቀሙ ነበር፤ የገዳም ጸሎቱም በቀን ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነበር። ክራንመር ያንን ሁሉ ጨምቆ ሁለት የዕለት ጸሎት አደረገው፤ የነግህና የሠርክ። ጥምቀቱን፣ ጋብቻውን፣ ቁርባኑንና ቀብሩን በዚያው መጽሐፍ አስገባ። ቄሱና ገበሬው በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ቃል መጸለይ ጀመሩ።

ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨንና በኮርንዎል፣ ሕዝቡ በዚያው ዓመት አመፀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። የኮርንዎል ሰዎች ካነሱት ቅሬታ አንዱ «ከመካከላችን እንግሊዝኛ የማይሰማ አለ» የሚል ነበር። ለሕዝብ በሚገባው ቋንቋ እንዲሆን የተጻፈ መጽሐፍ ቋንቋው ሌላ በሆነው ሕዝብ ላይ በግድ ተጫነ። ይህ የአንግሊካን ታሪክ የሚያሳዝን ገጽ ነው፤ ሊዘለል አይገባም። ክራንመርም መጨረሻው አላማረም። ሜሪ ስትነግሥ ታስሮ እምነቱን የሚክድ ጽሑፍ ላይ ፈረመ። እ.ኤ.አ. በማርች 21 ቀን 1556 ኦክስፎርድ ላይ ሊያቃጥሉት ሲወስዱት ግን ክህደቱን በሕዝብ ፊት አነሳ። የፈረመችው ቀኝ እጁ ቀድማ እንድትቃጠልም ወደ እሳቱ ዘረጋት።

መጽሐፉ ከእርሱ በኋላም ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1662 የወጣው እትም በእንግሊዝ እስከ ዛሬ በሕግ የጸና ነው። ከ2000 ጀምሮ በዘመናዊ እንግሊዝኛ የተዘጋጁ ጸሎቶች አብረውት ይሠራሉ፤ ሌሎች አገሮችም በየቋንቋቸው የራሳቸውን አዘጋጅተዋል። በብዙ ሰርግ ላይ የሚሰማው «ሞት እስኪለየን ድረስ» የሚለው ቃል ኪዳን በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የተስፋፋው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

«የተጻፈ ጸሎት ማንበብ ከልብ መጸለይ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። አንግሊካኖች የሚሰጡት መልስ ጠንከር ያለ ነው። ሰው ሐዘን ሲደርስበት ወይም እምነቱ ሲደክም የራሱ ቃል ያልቅበታል። ያኔ ሌሎች ለዘመናት የጸለዩት ቃል ይደርስለታል። ደግሞም ጸሎቱ በሰባኪው ስሜት ላይ አይንጠለጠልም። ቄሱ ጎበዝ ተናጋሪ ሆነም አልሆነ ሕዝቡ ያንኑ ጸሎት ያገኛል። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ነጥብ በቂ ክብደት የተሰጠው አይመስለኝም፤ ምዕመኑን ከመሪው ጠባይ የሚጠብቅ ነገር ቀላል አይደለም።

እሑድ ጠዋት ምን ይደረጋል?

ዋናው አገልግሎት ቅዱስ ቁርባን ነው። በብዙ አጥቢያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ሕዝቡ በመዝሙር ይጀምራል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ኃጢአቱን ይናዘዛል። አንዱ የቆየ የንስሐ ጸሎት «ማድረግ የነበረብንን ሳናደርግ ቀረን፤ ማድረግ ያልነበረብንንም አደረግን» ይላል። ቄሱም የይቅርታውን ቃል ያውጃል።

ቀጥሎ ንባብ ነው። ከብሉይ ኪዳን፣ ከመዝሙረ ዳዊት፣ ከመልእክታት ይነበባል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት ምዕመናን ናቸው። ወንጌል ሲነበብ ሁሉም ይቆማል። ምን እንደሚነበብ ቄሱ እንደፈለገው አይመርጥም። ለሦስት ዓመት የተዘጋጀ ግጻዌ አለ። አንዱ ዓመት የማቴዎስ፣ ሌላው የማርቆስ፣ ሦስተኛው የሉቃስ ነው፤ ዮሐንስ በሦስቱም ውስጥ ይገባል። በዚህ የተነሳ ሰባኪው የሚወደውን ምዕራፍ ብቻ እየደጋገመ የሚከብደውን መዝለል አይችልም።

ከስብከቱ በኋላ የኒቅያው ጸሎተ ሃይማኖት ይባላል። ከዚያ ምልጃ ይመጣል። አንድ ምዕመን ወጥቶ ስለ ዓለም ሰላም፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ አካባቢው ይጸልያል። በሳምንቱ የታመሙትን በስማቸው ይጠራል፣ የሞቱትንም ያስባል። አዲስ ሰው እዚህ ላይ የአጥቢያውን ኑሮ ይሰማል፤ ማን ሆስፒታል ገባ፣ ማን ሐዘን ላይ ነው፣ የማን ልጅ ተወለደ።

ሰላምታ ይቀጥላል። ሰዎች ከአግዳሚው እየተነሱ «የጌታ ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን» ተባብለው ይጨባበጣሉ። ተጣልተው የመጡ ካሉ ወደ ማዕዱ ከመቅረባቸው በፊት መታረቂያቸው ይህ ነው። ከዚያ ኅብስቱና ወይኑ ቀርበው የቁርባን ጸሎት ይደርሳል። ሕዝቡ ወደ ፊት ይወጣል፤ አንዳንዱ ተንበርክኮ፣ አንዳንዱ ቆሞ ይቀበላል። ኅብስቱ በመዳፍ ላይ ይደረጋል። ወይኑ ከአንድ ጽዋ ይጠጣል።

አንግሊካኖች ኅብስቱና ወይኑ ምን እንደሚሆን በአንድ ቃል አይስማሙም። አንዳንዱ ክርስቶስ በእውነት በዚያ አለ ይላል፤ ሌላው በእምነት የሚቀበሉት መታሰቢያ ነው ይላል። ሁለቱ ግን ጎን ለጎን ተንበርክከው ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። ከኤልሳቤጥ ዘመን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኗ መንገድ ይኸው ነው። የእያንዳንዱን ሰው ልብ ከመመርመር ይልቅ አብሮ መጸለዩን አጥብቃ ትይዛለች።

አንዱ አጥቢያ ዕጣን፣ ሌላው ጊታር የሆነው ለምንድን ነው?

ሁለት አንግሊካን አጥቢያዎችን ያየ ሰው ሁለት ሃይማኖት ያየ ሊመስለው ይችላል። አንዱ ጋ ቄሱ ያጌጠ ልብሰ ተክህኖ ለብሷል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ ደወል ይደወላል፣ ለድንግል ማርያም ሻማ ይበራል። ሌላው ጋ ሰባኪው ሸሚዝ ለብሷል፣ ከበሮና ጊታር አለ፣ ስብከቱ ረዘም ይላል። የመጀመሪያው ወደ ካቶሊክ ትውፊት ያዘነብላል፤ ሁለተኛው ወንጌላዊ ነው። በመሃል ደግሞ ከሁለቱም የሚወስዱ ብዙ ናቸው። አጽሙ ግን በሁሉም ዘንድ ያው ነው፤ ንስሐ፣ ንባብ፣ ምልጃ፣ ማዕድ።

የሠርክ ጸሎት ለምን ተወደደ?

በትልልቅ ካቴድራሎች በሥራ ቀንም ወደ ማታ ገደማ መዘምራን የሠርክ ጸሎት ያደርሳሉ። ስብከት የለበትም ማለት ይቻላል። መዝሙረ ዳዊት ይዘመራል፤ ክራንመር 150ውን መዝሙር በ30 ቀን እንዲያልቅ ከፋፍሎታል። ከዚያ የእመቤታችን መዝሙር «ነፍሴ ጌታን ታከብራለች»፣ ቀጥሎም የአረጋዊው ስምዖን ጸሎት ይዘመራል። ቢቢሲ ይህን አገልግሎት በሬዲዮ ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ እስከ ዛሬም አላቋረጠም።

ወደዚህ ጸሎት የሚመጣው ሁሉ አማኝ አይደለም። ከሥራ የወጣ፣ የደከመው፣ ሐዘን ያለበት፣ ስለ እምነቱ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ገብቶ ይቀመጣል። ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ዓመቱ የሚጀምረው መቼ ነው?

የቤተ ክርስቲያኑ ዓመት የሚጀምረው በጃንዋሪ አይደለም። ከልደት በፊት ባሉት አራት እሑዶች፣ አድቬንት በሚባለው ወቅት ይጀምራል። መቅደሱ ሐምራዊ ይለብሳል። ሐምራዊ የንስሐና የዝግጅት ቀለም ነው። ነጭ ወይም ወርቃማ ለልደትና ለትንሣኤ፣ ቀይ ለጰራቅሊጦስና ለሰማዕታት፣ አረንጓዴ ለቀሪው ጊዜ ነው። ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ገና ከበሩ ሲገባ ወቅቱ እንደተለወጠ ያያል።

በአድቬንት በየእሑዱ በቅጠል ጉንጉን ላይ አንድ ሻማ ይጨመራል። ልማዱ የመጣው ከጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ዮሐን ቪኸርን የተባለ ፓስተር ሃምቡርግ ውስጥ ለሚያሳድጋቸው ድሆች ልጆች በጋሪ ጎማ ላይ ሻማ ደርድሮ ቀኑን እንዲቆጥሩ አደረገ። ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ይጠይቁት ነበር ይባላል። የአድቬንት የመጀመሪያው እሑድ ጸሎት ክራንመር ራሱ የጻፈው ነው፤ የጨለማን ሥራ ጥለን የብርሃንን ጋሻ እንድንለብስ ጸጋ ስጠን ይላል። አውሮፓ ውስጥ ቀኑ አጥሮ በሚጨልምበት ወር የሚጸለይ መሆኑ ኃይል ይጨምርለታል።

ለልደት የሚደረገው የዘጠኝ ንባብና የመዝሙር አገልግሎት በብዙ አገር ይታወቃል። መጀመሪያ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1880 በኮርንዎል፣ ትሩሮ በምትባል ከተማ ነው። ካቴድራሉ ገና እየተሠራ ስለነበር ሕዝቡ የተሰበሰበው በጊዜያዊ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ኤሪክ ሚልነር ዋይት በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ጀመረው። እርሱ በጦርነቱ ግንባር የጦር ሠራዊት ቄስ ሆኖ አገልግሏል። ከአዳም ውድቀት እስከ ክርስቶስ መወለድ ያለው ታሪክ በዘጠኝ ንባብ ይነገራል፤ በመካከሉ መዝሙር አለ። ብዙ ወጣት ያለቀበት አገር ያንን ታሪክ ከመጀመሪያው እንደገና መስማት አስፈልጎት ነበር።

ለልጆች ደግሞ ክሪስቲንግል አለ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ብርቱካን ይይዛል። ብርቱካኑ ዓለም ነው፤ በዙሪያው ያለው ቀይ ሪባን የክርስቶስ ደም፣ ከላይ የተተከለው ሻማ የእርሱ ብርሃን ነው። የተሰኩት ከረሜላዎችና ፍራፍሬዎች የምድር በረከት ናቸው። ከሞራቪያን ክርስቲያኖች የተወሰደ ነው፤ በእንግሊዝ የተስፋፋው ከ1968 ወዲህ ለተቸገሩ ልጆች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲውል ነው።

ከአመድ እስከ ትንሣኤ ምን ይሆናል?

ዐቢይ ጾም የሚጀምረው ረቡዕ ነው። እሑዶቹን ሳይቆጥር 40 ቀን ነው። ባለፈው ዓመት ሆሳዕና የታደለው የዘንባባ መስቀል ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ አመዱም ይቀመጣል። ቄሱ በዚያ አመድ በእያንዳንዱ ሰው ግንባር ላይ መስቀል እያደረገ «አፈር እንደሆንክ፣ ወደ አፈርም እንደምትመለስ አስብ» ይላል። ሽማግሌውም፣ እናቱ ያቀፈችው ሕፃንም ያንኑ ቃል ይሰማሉ። ከዓመቱ ሥርዓቶች ሁሉ ልብ የሚነካ ይህ ይመስለኛል። አንግሊካኖች ምን ይጾሙ የሚል ጥብቅ ሕግ የላቸውም። አንዱ ሥጋ ይተዋል፣ ሌላው አልኮል፤ ሌላው ደግሞ በየቀኑ የሚያነበው ወይም የሚመጸውተው ይጨምራል። «ሃሌ ሉያ» የሚለው ቃል ግን በጾሙ ሁሉ አይባልም።

በአራተኛው እሑድ የእናቶች እሑድ አለ፤ ልጆች በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ላሉ ሴቶች ትንንሽ እቅፍ አበባ ያድላሉ። አስተዋይ አጥቢያ እናታቸውን የቀበሩትን፣ ልጅ ፈልገው ያላገኙትንም በዚያ ቀን በጸሎቱ ያስባል።

ከዚያ ሰሞነ ሕማማት ነው። ጸሎተ ሐሙስ ቄሱ ወይም ጳጳሱ የምዕመናንን እግር ያጥባል። ከቁርባኑ በኋላ መንበሩ ላይ ያለው ጨርቅ፣ መቅረዙ፣ ጌጡ ሁሉ ይነሳል። ሕዝቡ ያለ ቡራኬ ዝም ብሎ ይወጣል። ዓርብ የስቅለቱ ታሪክ ከዮሐንስ ወንጌል ይነበባል። ቅዳሜ ሌሊት ወይም እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እሳት ይነዳል፤ ከእሳቱ ትልቁ የትንሣኤ ሻማ ይበራል። ሕዝቡ ከእርሱ እየተቀባበለ የየራሱን ሻማ ያበራና ጨለማ ወዳለው ሕንፃ ይገባል። «ክርስቶስ ተነሥቷል!» ይላል ቄሱ። «በእውነት ተነሥቷል! ሃሌ ሉያ!» ይላል ሕዝቡ። በዚያ ሌሊት አዳዲስ ምዕመናን የሚጠመቁበት አጥቢያ ብዙ ነው።

ትንሣኤ ለ50 ቀን ይከበራል፤ በጰራቅሊጦስ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ረጅሙ አረንጓዴ ወቅት ይመጣል፤ ትልልቅ በዓላት የሉበትም። ወደ መጨረሻው የመከር በዓል አለ። ዛሬ የሚታወቀውን መልክ ያስያዘው ሮበርት ሆከር የተባለ የኮርንዎል ቄስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1843 ሞርዌንስቶው በምትባል አጥቢያው ሕዝቡን ለምስጋና ጠራ። ሰዎች ያመረቱትን እህልና አትክልት ወደ መንበሩ ያመጣሉ። በከተማ ያሉ አጥቢያዎች ደግሞ የታሸገ ምግብ ያመጣሉ፤ ያ ሁሉ ለተቸገሩ ሰዎች ይሄዳል።

ዓመቱ የራሳቸው ቅዱሳንና ሰማዕታትም አሉት። ጁን 3 የኡጋንዳ ሰማዕታት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1887 በቡጋንዳ ንጉሥ (ካባካ) ሙዋንጋ ትእዛዝ ከተገደሉት መካከል አንግሊካኖችም ካቶሊኮችም ነበሩ፤ ሁለቱም በናሙጎንጎ ያስቧቸዋል። በዚያው አገር ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉውም የኢዲ አሚንን ግፍ በመቃወማቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ተገደሉ። የእርሳቸውም መታሰቢያ ፌብሩዋሪ ላይ ይውላል።

አጥቢያው የማን ነው?

በእንግሊዝ አገሩ በሙሉ በአጥቢያ የተከፋፈለ ነው። ከአጥቢያ ውጭ የሆነ መንደር የለም። ቄሱም ኃላፊነት ያለበት ለሚያስቀድሱት ብቻ አይደለም፤ በድንበሩ ውስጥ ለሚኖረው ሁሉ ነው። አንድ ነዋሪ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ ቢሆንም ልጁን ለማስጠመቅ፣ ለማግባት፣ ለመቀበር ወደዚያ መሄድ ይችላል። ሰርግ ሲኖር የሙሽሮቹ ስም በሦስት እሑዶች ይነበባል፤ ጋብቻውን የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ካለ እንዲናገር ነው።

ከቄሱ ጋር አጥቢያውን የሚመሩት የተመረጡ ምዕመናን ናቸው። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ጠባቂዎች አሉ፤ ሹመታቸው ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ነው። ሕንፃውንና ንብረቱን ይጠብቃሉ፤ ቄስ ሲጎድል አጥቢያውን ያቆያሉ። የሚገርመው በእንግሊዝ ሕግ እነርሱን ለመምረጥ አማኝ መሆን አያስፈልግም። በአጥቢያው የሚኖርና በመራጭነት የተመዘገበ ሰው ሁሉ ድምፅ መስጠት ይችላል። ከእነርሱ ጋር ሰበካ ጉባኤ አለ፤ ገንዘቡን፣ ጥገናውን፣ የበጎ አድራጎቱን ሥራ ይወስናል። ብዙ ሰው እንደሚያስበው መንግሥት የቄሶችን ደመወዝ አይከፍልም። የአጥቢያው ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከምዕመናኑ መዋጮ ነው።

ከእንግሊዝ ውጭ ይህ የሕግ ትስስር በአብዛኛው የለም። የአጥቢያ መንፈሱ ግን አብሮ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ1876 ሜሪ ሰምነር የተባለች የቄስ ሚስት ሃምፕሻየር ውስጥ የእናቶች ኅብረት መሠረተች። ሀብታሟም ድሃዋም እናት ልጅ በማሳደግ እንዲረዳዱ ነበር ሐሳቧ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወደ አራት ሚሊዮን አባላት አሉት፤ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ናቸው። በብዙ የአፍሪካ አጥቢያ የታመመ የሚጠይቁት፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናኑት፣ ሴቶችን ማንበብና መቆጠብ የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው። የአጥቢያው የጀርባ አጥንት እነርሱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀሪው ሥራ ትንንሽ ነው፤ ግን ያለ እርሱ ምንም አይቆምም። አበባ የሚያዘጋጁ በተራ ይመደባሉ። አንዱ ማሞቂያውን ቀድሞ ይከፍታል፤ ሌላዋ የቤት ለቤት ቁርባን ከአልጋ ለማይነሱ አረጋውያን ታደርሳለች። ደወል የሚደውሉም አሉ። የእንግሊዝ ደዋዮች ዜማ አይደውሉም፤ የደወሎቹን ቅደም ተከተል በሒሳብ እየለዋወጡ ይደውላሉ። ሰባት ደወል በ5,040 ቅደም ተከተል ሊደወል ይችላል፤ አንዱንም ሳይደግሙ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከደዋዮቹ መካከል እምነት የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ በአጥቢያው ግን ቦታ አላቸው።

አሁን የሚያከራክራቸው ምንድን ነው?

ሁለት ጉዳዮች ጎልተው ይታያሉ። አንዱ የሴቶች ክህነት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የአንግሊካን ቄስ ፍሎረንስ ሊ ቲም ኦይ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ ምክንያት በማካው ለነበሩ ምዕመናን ቄስ ሲጠፋ ተሾሙ። በእንግሊዝ 32 ሴቶች በአንድ ቀን ቅስና የተቀበሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስም በ2015 ተሾመች። ሌላው በተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ላይ ቡራኬ ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለው ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ እንዲህ ያለ ጸሎት ፈቀደች። ብዙ የአፍሪካና የእስያ አብያተ ክርስቲያናት ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢየሩሳሌም ላይ የተመሠረተው ጋፍኮን የተባለው ንቅናቄ የሚያሰባስበው እነዚህን ተቃዋሚዎች ነው።

በመሃል የሚወስን አንድ ሰው ስለሌለ ክርክሩ በትእዛዝ አይዘጋም። ይህ አንዳንዶችን ተስፋ ያስቆርጣል። ሌሎች ደግሞ ቀስ ብሎ መነጋገር ዋጋው ይህ ነው ይላሉ። በየአጥቢያው ግን የተለያየ አቋም ያላቸው ሰዎች በሚቀጥለውም እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ምን ይወቅ?

አለባበስ አያሳስብም፤ በአብዛኛው አጥቢያ ሰው እንደተመቸው ይመጣል። በር ላይ የጸሎቱን ቅደም ተከተል የያዘ ወረቀት ወይም መጽሐፍ ይሰጡታል። ደመቅ ባለ ጽሕፈት የተጻፈው ሕዝቡ የሚለው ነው። መቼ እንደሚቆም ካላወቀ ከፊቱ ያለውን ሰው ያይ። በሌላ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ የሚቆርብ ክርስቲያን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መቁረብ ይፈቀድለታል፤ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ይከልክለው እንደሆነ ግን ራሱ ያመዛዝን። መቁረብ የማይፈልግ በቦታው መቅረት ይችላል። ወይም ከሰዎቹ ጋር ወጥቶ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ቢቀርብ ቄሱ ቡራኬ ብቻ ሰጥቶ ያልፈዋል። የመዋጮ ሳህን ሲዞር እንግዳ እንዲከፍል አይጠበቅም። ሲያበቃ ሻይና ቡና ይኖራል፤ ስለ አጥቢያው ሊጠይቅ የፈለገ ሰው የሚቀርበው ያኔ ነው።